ማንም እንዳይገባ

የሰፈሩ ሰው «ቀለሜ» የሚለው ታፔላ ጸሐፊ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። ቀለሜ ማለት ደብተር ላይ ተደፍቶ የሚውል ጎበዝ ተማሪ መሆኑን ለሚያውቅ ነገሩ ለበጣ ነው። እሱ ግን ስሙ የወጣለት ከጥፍሩ ሥር የማይለቀውን ቀለም አይተው እንደሆነ ያምናል፤ እኛም ደስ ይበለው ብለን አላረምነውም።

ጽሕፈቱን ግን የሚያማው የለም። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ፣ ከሩቅ የሚነበቡ፣ እግራቸው እኩል መሬት የረገጠ ናቸው። ደንበኛ ቃሉን አጣሞ ጽፎ ቢያመጣለት እንኳ ሳያሳፍረው ዝም ብሎ አቃንቶ ይጽፍለታል። ችግሩ አፉ ነው። ሰው ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለት ከተፈጠረ ጀምሮ አልሆነለትም። አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ጥራጊውን እያመጣ አጥሩ ሥር ሲደፋበት፣ ወር ሙሉ «እንዴት አደርክ» እየተባባሉ ከርመው፣ አንድ ቀን ጠዋት አጥሩ ላይ በክንድ ቁመት «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተገኘ። ሚስቱ «የአንተ አፍ ብሩሽህ ላይ ነው ያለው» የምትለው ለዚህ ነው።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እታለም ይላታል፤ ከሱ ሰምቶ ሰፈሩም እታለም ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች እሱን ትምህርት ቤት አስገባችው፤ እሷ የትምህርት ቤት ግቢ የረገጠችው ምሳውን ልታደርስ ስትሄድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ዘበኛው «ማንም አይገባም ተብሏል» ብሎ ዱላውን በሩ ላይ ቢያጋድምባት፣ «እኔ ማንም አይደለሁም! እህቱ ነኝ!» ብላ ዱላውን በእጇ ገፍታ ገባች። ጩኸቷን ክፍሉ በሙሉ በመስኮት ሰምቶ ስለነበር፣ ቀለሜ ዓመቱን ሙሉ «የማንም-አይደለሁም ወንድም» እየተባለ ተቀለደበት። እሷ ግን አባባሉን ወደደችው። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ በር ላይ ያስቆማት ሁሉ ያቺኑ መልስ ቀምሷል፤ አብዛኛውም ስቆ አሳልፏታል።

ማንበብ የተማረችው ከታፔላ ነው። ያኔ ሁለቱም በአንዲት ክፍል ይኖሩ ስለነበር፣ ያልደረቁት ታፔላዎች አልጋው ራስጌና ግርጌ ተደግፈው ያድራሉ። «ይቺ ምን ትላለች?» ትለዋለች ልብስ እያጣጠፈች። ይነግራታል። «ይቺኛዋስ?» ይነግራታል። በዚህ ዓይነት «ሻይ ቤት»ን፣ «የሴቶች ፀጉር ሥራ»ን፣ «ጎማ ይጠገናል»ን አወቀች። በሕይወቷ ያለ ሰው እርዳታ አሟልታ ያነበበችው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ነበር፤ መንገድ ላይ ጮክ ብላ አንብባው አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሳይቆልፉ ሮጡ። እስከ ዛሬም ስታነብ ድምፅ አውጥታ፣ ፊደል በፊደል እየጎተተች ነው። በልብ ማንበብን ያስተማራት የለም።

እሱ ራሱን ሲችል እሷም ከሰው ቤት ወጥታ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች። የበሽተኛ አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋን፣ የቀዶ ጥገና ጨርቅ ሁሉ በእጇ ያልፋል። እጆቿን በረኪና አመድ አስመስሏቸዋል። አግብታ አልወለደችም፤ «አንዱን አሳድጌያለሁ፣ እሱም እስካሁን አፉን አልፈታም» ትላለች። ቀለሜ ሲያገባ ሚስቱን ሳመቻትና «ልጅ ሲመጣ ከናንተ ቀጥሎ የማቅፈው እኔ ነኝ፤ የምትታረሽውም በኔ እጅ ነው። ከወዲሁ ልንገርሽ» አለቻት። ልጁ ግን ስድስት ዓመት ቆየ። በነዚያ ስድስት ዓመታት ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን ያላነሳችባት ዘመድ እታለም ብቻ እንደነበረች ሚስቱ ዛሬም ትናገራለች።

ሚስቱ ስትፀንስ በሽታው ገና ወሬ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ከተማው ገባ።

መጀመሪያ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቀጥሎ አውቶቡስ ቆመ፣ ከዚያ ሰው ከሰው ሸሸ። ሁሉም ሥራ ሲቀዘቅዝ የቀለሜ ሥራ ደራ። «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው»፣ «ርቀትዎን ይጠብቁ»፣ «እጅዎን ሳይታጠቡ አይግቡ»፣ «ጠያቂ አይፈቀድም»። ባለሱቁም፣ ፋርማሲውም፣ ወፍጮ ቤቱም እየመጣ ክልከላ ያስጽፋል። ቀለሜ ቃል ይመርጥላቸዋል። «ሰው እንዳይገባ» ካላችሁ ሁሉም ሌላውን ሰው ይመስለዋል፤ «ማንም እንዳይገባ» በሉት፤ ያኔ የሚያመልጥ የለም፤ የሚቀየምም የለም፤ ይላቸው ነበር። በዚህ ምክሩ ይኮራ እንደነበር ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የሆስፒታሉ ወሬ በየቀኑ ይከፋል። ከእታለም ክፍል ሁለት ሴቶች ታመሙ፣ አንዷ አልተመለሰችም። የመውለጃው ጊዜ ሲቃረብ ሚስቱ አንድ ቀን ወንበሩን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እታለምን ምን ልንላት ነው?» አለችው።

«ምንድነው የምንላት?»

«አንተ ደግሞ! የምትሠራበትን እያወቅህ። እኔ እወዳታለሁ፤ እንደ እናቴ ነው የማያት። ግን ፈርቻለሁ፤ ስድስት ዓመት ነው የጠበቅነው። ደውልና ትንሽ ጊዜ ታገሺን በላት። ቆጣ ትላለች፣ ከዚያ ይገባታል። ከኔ አፍ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይሻላል።»

«እነግራታለሁ» አለ።

አልነገራትም። ስልኩን ያነሳል፣ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል። እንዲያውም አንድ ከሰዓት እሷው ራሷ ደወለችለት። ድምፅዋ ደስ ደስ ይላል። «ስማኝማ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ» ስትለው፣ የምትመጣበትን ቀን ልትቆርጥበት መሰለው። «እታለም፣ ደንበኛ መጥቶብኛል፤ መልሼ ልደውል» ብሎ ዘጋው። ሱቁ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልነበረም። መልሶም አልደወለም።

ሚስቱ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ኮንትራት ታክሲ ይዞ ከክሊኒክ ሲያመጣቸው ሾፌሩ ፊቱን በማስክ፣ ማስኩን በሻርፕ ሸፍኖ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ሕፃኗ ስታለቅስ «እልል የሚልልሽም የለ፣ ምስኪን» አላት። መንገዱ ጭር ብሏል። ሰፈር ሲደርሱ ጎረቤት በየመስኮቱ እጁን አወዛወዘ እንጂ የቀረበ አልነበረም። የሚስቱ እናት ሩቅ ናቸው፤ መንገድ ዝግ ነው። ሦስቱ ብቻቸውን ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ቀለሜ ቀይ ቀለምና ብሩሽ አንስቶ ወጣ። ቤታቸው ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው፤ የመኖሪያው በር በጎን በኩል ነጭ የተቀባ የብረት በር ነው። ሉህ ላይ ጽፎ ቢያንጠለጥለው ኖሮ ነገ ገልብጦ ያነሳው ነበር። እሱ ግን በሩ ላይ ጻፈው። «አራስ አለች። ማንም እንዳይገባ።» እግራቸው እኩል መሬት የረገጠ፣ የሚያማምሩ ፊደሎች ናቸው።

ሚስቱ በመስኮት አይታው «ለእታለም ነገርካት ወይ?» አለችው።

«ይኸው ተጽፏል እኮ» አለ።

ሚስቱ መስኮቱን ዘጋችው። አራስ ናት፣ ደክሟታል። ተመልሳ ተኛች።

እታለም መውለዷን ከሰው ሰምታ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። እሱ ሚስቱ እንድታርፍ ሕፃኗን አቅፎ ከበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ወዲያ ወዲህ ይላል። የእግሯን ኮቴ ያውቀዋል፤ ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ኮቴው በሩ ፊት ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ማንበቧን ሰማ።

«አ... ራ... ስ። አራስ። አ... ለ... ች።» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። «አራስ አለች!» ብላ ለራሷ ደገመችው።

ቀለሜ መራመዱን አቆመ።

«ማ... ን... ም።» ቆመች። «ማንም» አለች እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ። «እን... ዳ... ይ... ገ... ባ።»

በመካከላቸው ያለው አንዲት ቆርቆሮ ነው። እጁን ቢዘረጋ መቀርቀሪያው አለ። ያቺን የለመዳትን መልስ ጠበቀ፤ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ያስደነገጠችበትን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ በር ያስከፈተችበትን። «እኔ ማንም አይደለሁም» ብትል ኖሮ በደቂቃ እከፍትላት ነበር ብሎ ዛሬም ይምላል። እኔ እንጃ። እሷ ግን አላለችም።

«እሺ» አለች። ለማን እንዳለችው አይታወቅም። አንድ ነገር መሬት ላይ ስታስቀምጥ ተሰማው፤ ቀጥሎ ኮቴው ቀኙን እየጎተተ ራቀ። ሕፃኗ በዚያን ጊዜ እንኳ ብታለቅስለት ምን ነበረበት! እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

በሩን ሲከፍት ደፉ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እሽግ አገኘ። ውስጡ የሽንት ጨርቆች፣ ጠርዛቸው በእጅ የተሰፋ፣ በካውያ ተተኩሰው እንደ አዲስ ደብተር ተደራርበው። ሚስቱ ስትነቃ አየቻቸውና ከየት እንደመጡ አልጠየቀችም። አንዱን አንስታ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር እኔም ያናድደኛል። በሽታው ቤቱ የገባው ባንድ ወሩ ነው፤ ያስገባውም ራሱ ቀለሜ ነው። ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ተራርቆ እንዲሰለፍ መሬቱ ላይ ቢጫ ክብ ሲቀባ ውሎ፣ ሙቀት ሲበዛበት ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ ነው የያዘው። ትኩሳት ሲጀምረው ሱቁ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ፣ በጣሳና በታፔላ መካከል ተኛ። ሚስቱ ከሕፃኗ ጋር በመኖሪያው በኩል ተዘጋች። ደግነቱ እነሱን አልነካቸውም።

እታለም ወሬውን በሰማች ማግስት መጣች። በሩን አላንኳኳችም። «የሚታጠብ ነገር ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ደፉ ላይ አስቀምጡልኝ» ብላ ከውጭ ተጣራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ የቆሸሸውን ትወስዳለች፣ የታጠበውን ታስቀምጣለች። ሚስቱ አንድ ቀን አላስችል ብሏት በመስኮት፣ «እታለም፣ ኧረ ግቢ! በሞቴ! ማን ከልክሎሽ ነው?» አለቻት።

እታለም በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች። «ተጽፏል እኮ የኔ እመቤት» አለች፤ በቁጣም አይደለም፣ በቅያሜም አይደለም። ሚስቱን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

ቀለሜ ሲድን መጀመሪያ የሠራው ሥራ በሩን መቀባት ነው። ሞያውን የሚያውቅ ሰው ቀዩን በብረት ብሩሽ ፍቆ ማንሳት ነበረበት። ግን ሕፃኗ ተኝታ ስለነበር ድምፁን ፈርቶ በላዩ ላይ ነጭ ለቀለቀበት። ለእታለም ደወለና «አሁን ነይ፣ ተነስቷል» አላት። «ሥራ በዝቶብኛል» አለችው። ሌላ ጊዜም ደወለ፤ ሥራ በዝቷል። እውነትም ሥራ ሳይበዛ አልቀረም፤ ግን እሷ በሕይወቷ ሥራ ቀንሶላት አያውቅም፤ ስትመጣ የኖረችው እንደዚያው ሆና ነው።

ሕፃኗ አምስት ወር ሲሞላት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ ታፔላ ልታስጽፍ ወደ ሱቁ መጣች። ድምፅዋ የማሽን ጩኸት የለመደ፣ ግዙፍ ሴትዮ ናት። «የተበከለ ልብስ ማስቀመጫ» የሚል ነው የምትፈልገው። ጽሑፉን ተስማምተው ልትወጣ ስትል ዞር አለች።

«የእታለም ወንድም አይደለህ እንዴ? አንተ እኮ እድለኛ ነህ! ያን ሰሞን፣ ሰው በጠፋበት ሰዓት፣ አሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ስጪኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። 'የት ልትሄጂ ነው?' ብላት፣ 'የትም፤ ቤቴ ዘግቼ ልቀመጥ ነው፤ ልጅ ላቅፍ ነው፤ ንጹህ ሆኜ መሄድ አለብኝ' አለችኝ። የዓመት ፈቃዷን እንዳለ ጨረሰችው። ጎረቤት ውሃና ዳቦ ደጇ ላይ እያስቀመጠላት፣ ፀሐይ ሳይነካት ሁለት ሳምንት ከረመች። ተመርምራ 'የለብሽም' ተብላ ነው የሄደችው። ስትመለስ 'እህ፣ ልጅቷ ማንን ትመስላለች?' ብላት፣ 'ማጠቢያው ሞልቷል' አለችኝ። ምን አስቆጣት?»

ቀለሜ ብሩሹን ከጣሳው ሳያወጣ፣ ሱቁን ሳይዘጋ ነው የሄደው። ለካ ያን ከሰዓት በስልክ ልትነግረው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ደስ ደስ ባለው ድምፅ።

እታለም ክፍሏ ውስጥ ትራስ ልብስ እያጣጠፈች አገኛት። ደፉ ላይ ቆመ። እንዲህ ልበላት፣ እንዲያ ልበላት ሲል የመጣው ሁሉ በር ላይ ጠፋበት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ መጨረሻ ላይ፤ እሱው ተበዳይ የሆነ ይመስል።

«ልነግርህ ደውዬ ነበር» አለች። «ደንበኛ መጣብህ።»

«እታለም ሙች... ላንቺ ብዬ እኮ አይደለም የጻፍኩት። ለጎረቤት ነው። ለመንገደኛ ነው።»

ያኔ እንኳ እውነቱን ቢናገር! ጠርዙን ከጠርዙ አግጥማ ትራስ ልብሱን አጣጠፈችና ቀና ብላ አየችው። ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ሲዋሽ ግራ ጆሮው እንደሚቀላ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ታውቃለች።

«አውቃለሁ» አለች።

በሳምንቱ መጣች። ሕፃኗ ያኔ ሰው መለየት ጀምራ ስለነበር፣ እታለም ስታቅፋት እየጮኸች ወደ እናቷ ተንጠራራች። «እውነቷን ነው፣ መቼ አወቀችኝና» ብላ እየሳቀች መለሰቻት። ቀለሜ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ጓዳ ገባና እስኪረጋጋ ድረስ አልወጣም።

ይኸው ስድስተኛ ዓመቱ ነው። በሽታው ሄዷል። ልጅቱና አክስቷ አሁን አንድ ላይ ሲሆኑ የሚለያቸው የለም። እታለም ግን አንድ አመል አወጣች፤ በሩ ክፍት ሆኖ ቢያገኘው እንኳ ከደፉ ወዲያ ትቆማለች። «ግቢ» ካልተባለች አትገባም። ቀለሜ በየጊዜው «ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል» ይላል። ትገባለች። በሌላ ጊዜም ትቆማለች። የበሩም ነገር እንደዚያው ነው። ቀይ ቀለም ክፉ ነው፤ ከሥር ሳይፈቁ ነጭ ቢደራርቡበት ፀሐይ ሲመታው ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ቀብቶታል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቱ ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ እታለም ከውጭ ቆማ ያወራሉ። ቀለሜ ኮቴዋን ሰምቶ ሊከፍት መጥቶ ከተዘጋው በር ጀርባ ቆሟል። ልጅቱ ፊደል ከቆጠረች ገና ወሯ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ታነባለች፤ አሁንም በሩ ላይ ሮዝ ሆኖ የወጣውን። አነባበቧም የአክስቷ ነው፣ እየጎተቱ።

«ማ... ን... ም። አክስቴ፣ ማንም ማነው?»

«ማንም ማለት... አባትሽ የማያውቀው ሰው ነው የኔ እናት።»

«አንቺንስ ያውቅሻል?»

«ያውቀኛል። እኔ አይደለሁ ያሳደግኩት?»

«ታዲያ አንቺ ለምን ውጭ ትቆሚያለሽ?»

ቀለሜ መቀርቀሪያውን ይዟል፤ ከበሩ ጀርባ፣ ልክ እንደዚያን ዕለት። የሚጽፍበት ነገር በአጠገቡ አልነበረም። በሩን ከፈተው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ ለልጅቱ፤ ዓይኑ ግን እህቱ ላይ ነው። «ለጎረቤት አይደለም። ለእሷ ብዬ ነው የጻፍኩት። እንዳትገባ። በአፌ ልነግራት ፈርቼ።»

እታለም ቆማ ሰማችው። እጆቿን፣ እነዚያን በረኪና የበላቸውን፣ አጣጥፋ ይዛለች።

«አንብቤው ነበር እኮ» አለችው። «አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»